«8:00 ከሰዓት»፦ ቃሉ ተተርጉሞ ሰዓቱ ሳይተረጎም ሲቀር

60 ፍሬ ኪኒን ለ30 ቀን ነበር የታዘዘው። በ24ኛው ቀን አለቀ። ኪኒኑ አልጠፋም፣ አልተደፋም። ትርፉን 12 ፍሬ የዋጡት መድኃኒቱ የታዘዘላቸው እናት ራሳቸው ናቸው። ያስዋጣቸው ደግሞ መድኃኒታቸውን እንዳይረሱ ተብሎ ስልካቸው ላይ የተጫነ አፕ ነው።

ጉዳዩን በዝርዝር ለመጻፍ የፈለግሁት ማንም ስላላጠፋ ነው። ሐኪሙ ትክክል ነበር። ልጃቸው ትክክል ነበረች። አፑ በራሱ ስሌት ትክክል ነበር። እናትየዋም ስክሪኑ ላይ የተጻፈውን አማርኛ በትክክል አንብበዋል። የማንንም ስም አልጠራም። የአፑንም ስም አልጠራም፣ ምክንያቱም ችግሩ የአንድ አፕ ብቻ አይደለም።

ዳራ

የ68 ዓመት እናት ናቸው። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ኮንዶሚኒየም ላይ ብቻቸውን ይኖራሉ። እኔ ከእሳቸው አንድ ፎቅ ከፍ ብዬ ነኝ። ብሎኩ በሙሉ «እማማ» ነው የሚላቸው፣ እኔም እዚህ እንደዚያው እላቸዋለሁ። ሥራዬ ከኮምፒውተር ጋር ስለሆነ የስልክ ነገር ሲቸግራቸው እኔን ይጠራሉ።

እማማ ፊደል የቆጠሩት በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። አማርኛ ጥርት አድርገው ያነባሉ። ውዳሴ ማርያም በየቀኑ ይደግማሉ። ቁጥርም አይቸግራቸውም፣ የልጃቸውን የአሜሪካ ስልክ በቃላቸው ይዘውታል። የእንግሊዝኛ ፊደል ግን አይለዩም።

ስኳር ተገኝቶባቸው በቀን ሁለት ጊዜ ከምግብ ጋር የሚወሰድ ኪኒን ታዘዘላቸው። ሐኪሙ «ጠዋት 2 ሰዓት፣ ማታ 2 ሰዓት» አላቸው። ፋርማሲስቷ ካርቶኑ ላይ «1×2» ብላ ጻፈችበት። እስከዚህ ድረስ ምንም ግር የሚል ነገር የለም።

ልጃቸው ቨርጂኒያ ነው የምትኖረው። ክረምት ላይ ልትጠይቃቸው ስትመጣ አዲስ ስልክ ይዛላቸው መጣች። የመድኃኒት ማስታወሻ አፕ ጫነችበት። ሰዓቱንም ራሷ ሞላች፦ 8:00 ኤኤም፣ 8:00 ፒኤም። ልክ ናት፣ የእኛ ጠዋት 2 ሰዓት በፈረንጅ 8:00 ነው። አፑ ኪኒን በተወሰደ ቁጥር ለእሷም ምልክት ይልክላታል፣ ስለዚህ ከሩቅ ሆና ለመከታተል አመቻት።

ከዚያ እናቷ ማንበብ እንዲችሉ ብላ የስልኩን ቋንቋ ወደ አማርኛ ቀየረችው። ወደ ኤርፖርት ልትሄድ ስትል ነው ይህን ያደረገችው። ቋንቋው ከተቀየረ በኋላ ከእማማ ጋር ቁጭ ብሎ ስክሪኑን ያነበበ ሰው አልነበረም።

ችግሩ እንዴት ታወቀ

አንድ ቀን እማማ ብር ሰጥተው መድኃኒት እንድገዛላቸው ላኩኝ። ካርቶኑ ላይ ያለውን ቀን ሳይ ገና አንድ ሳምንት ያህል ይቀረዋል። የሁላችንም የመጀመሪያ ሐሳብ «እየረሱ ነው» የሚል ነበር። ወስደው ረስተው ደግመው የሚወስዱ መሰለን። ልጃቸው በስልክ «እማዬ፣ እየረሳሽ ነው እንዴ?» ስትላቸው ፊታቸው ሲከፋ አየሁ። አሁን ድረስ የሚቆጨኝ ይኼ ነው። ስልኩን ከመጠርጠራችን በፊት እሳቸውን ጠረጠርን።

ልጃቸው የደረሳት ሪፖርት ደግሞ ንጹሕ ነበር። በየቀኑ ሁለት ምልክት፣ አንድም የተዘለለ የለም።

በማግስቱ ወርጄ «እስቲ እንዴት እንደሚወስዱ ያሳዩኝ» አልኳቸው። አፑን ከፈቱት። ሁለት መስመር አለ። አንዱ «8:00 ጥዋት» ይላል፣ ሌላው «8:00 ከሰዓት»።

«ይኼ የላዩ ስልኩ ተሳስቶ ነው» አሉኝ። «ጠዋት ስምንት ሰዓት የሚባል ነገር አለ እንዴ ልጄ? ግን ጠዋት ስለሚጮህ ሲጮህ እወስዳለሁ።»

«የታችኛውስ?»

«እሱ ደኅና ነው። ከሰዓት ስምንት ሰዓት፣ ከምሳ በኋላ እወስዳለሁ። ግን በሰዓቱ አይጮህም። ማታ ነው የሚጮኸው።»

«ማታ ሲጮህስ ምን ያደርጋሉ?»

«አንዳንዴ እወስዳለሁ። ሐኪሙ ማታ ብሎኝ የለ?»

ሁሉ ነገር እዚህ ላይ ግልጽ ሆነልኝ። ጠዋት አንድ፣ ከምሳ በኋላ አንድ፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ ማታ ሦስተኛ። ከ24ቱ ቀን በግማሹ ሦስት ፍሬ ከተወሰደ ሒሳቡ ቁጭ ይላል።

ለሐኪሙ በዚያው ቀን ደወልን። በማግስቱ ጠርቶ ደማቸውን አየ። ሆዳቸውን ሲያውካቸው እንደሰነበተ ያኔ ነው የነገሩት። «የዕድሜ ነው ብዬ ነበር» አሉ። ደግነቱ የከፋ ነገር አልደረሰባቸውም።

ስሕተቱ የት ነበር

የእኛ ሰዓት ከንጋት ይቆጠራል። ፀሐይ ወጥታ አንድ ሰዓት ሲያልፍ 1 ሰዓት ነው። የፈረንጁ ከእኩለ ሌሊትና ከቀትር ይነሣል። በሁለቱ መካከል የስድስት ሰዓት ልዩነት አለ። ይህን ሁሉም ሰው ያውቃል። እማማም ያውቃሉ፣ ልጃቸው በአውሮፕላን ስትመጣ «በፈረንጅ ነው በኛ?» ብለው የሚጠይቁት እሳቸው ናቸው።

ታዲያ እዚህ ላይ ለምን አልጠየቁም? የተጻፈው በአማርኛ ስለሆነ ነው።

የአንድሮይድ ስልክ የቀንና የሰዓት ቃላቱን የሚያገኘው ሲኤልዲአር ከሚባል የዩኒኮድ የቋንቋዎች መረጃ ክምችት ነው። እዚያ ውስጥ አማርኛ አለ። የእኛ የዘመን አቆጣጠርም አለ፣ ከመስከረም እስከ ጳጉሜን 13ቱም ወር። ሰዓቱ ላይ ግን የተደረገው ነገር ቃል በቃል ነው። ኤኤም «ጥዋት» ተባለ፣ ፒኤም «ከሰዓት» ተባለ። ቁጥሩ እንደነበረ ቀረ።

ውጤቱን እንየው። «8:00 ጥዋት» ማለት በአማርኛ ትርጉም የለውም። ይህ ጎዶሎ ቢሆንም ቢያንስ ግር ያሰኛል፣ ሰው ቆም ይላል። «8:00 ከሰዓት» ግን ፍጹም ጤናማ አማርኛ ነው። ከቀኑ 8 ሰዓት፣ ከምሳ በኋላ። የሚያጠራጥር ነገር የለውም፣ ግን ስድስት ሰዓት ሙሉ ስቷል። አደጋው ያለው እንዲህ ደኅና በሚመስለው ላይ ነው።

ሁለተኛ ስሕተት አፑ ውስጥ ነበር። ደወሉ ሲጮህ ስክሪኑ ላይ ትልቅ አረንጓዴ ቁልፍ ይመጣል፦ «ወስጃለሁ»። ድምፁን ለማጥፋት ሌላ ቁልፍ አለ፣ ግን ትንሽና ግራጫ ነው፣ የእማማ ዓይን አያየውም። ስለዚህ እማማ ሲጮህ ዝም ለማሰኘት አረንጓዴውን ይጫናሉ። ኪኒኑን ቢወስዱም ባይወስዱም። ከምሳ በኋላ የሚወስዱትን ደግሞ አፑ ጨርሶ አያውቀውም። ቨርጂኒያ ያለችው ልጅ ታይ የነበረው የተወሰደ ኪኒን ሳይሆን የተዘጋ ደወል ነው።

የሞከርነውና ያልሆነው

መጀመሪያ የቀረበው ሐሳብ ቋንቋውን ወደ እንግሊዝኛ መመለስ ነበር። እኔ ተቃወምኩ። እማማ በዚያ ስልክ ላይ ያላቸው ነጻነት በሙሉ አማርኛው ነው። የደወለውን ሰው ስም ያነባሉ፣ መልእክት ያነባሉ። ያንን መልሶ መንጠቅ አልፈለግሁም።

እኔ ገና ሳስብ የጎረቤት ልጅ ቀድሞኝ አንድ ነገር አደረገ። የስልኩን ሰዓት በእጁ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ መለሰው። ብዙ ሰው የሚያደርገው ነው። ስልኩ ላይ የሀበሻ ሰዓት ይታያል፣ ደስ ይላል። በማግስቱ እማማ ከልጃቸው ጋር በቪዲዮ የሚነጋገሩበት አፕ «የስልክዎን ቀንና ሰዓት ያስተካክሉ» እያለ አላስገባ አለ። የልጅ ልጆቻቸውን ሳያዩ ሁለት ቀን አለፈ። ሰዓት በእጅ ሲቀየር ስልኩ ስለ ትክክለኛው ጊዜ ራሱን ይዋሻል። የኢንተርኔት ነገር ደግሞ ብዙው በትክክለኛ ጊዜ ላይ የቆመ ነው። መለስነው።

ቀጥሎ የኢትዮጵያ ሰዓት የሚያሳይ ትልቅ ሰዓት ስክሪኑ ላይ ጫንኩላቸው። ያምራል፣ ከነቀኑና ከነበዓሉ። ግን ከላይ ጥግ ላይ ያለችው ትንሿ የስልኩ ሰዓት አልጠፋችም። አንዱ 3:20 ይላል፣ ሌላው 9:20። እማማ «የትኛው ነው እውነተኛው?» አሉኝ። ሁለቱም እውነት ናቸው ብዬ ማስረዳት ጀመርኩ። መሀል ላይ ስደርስ ራሴም እንዳልተመቸኝ ታወቀኝ።

ከዚያ አንድ ዘዴ አገኘሁ፣ ኮርቼበትም ነበር። ሰዓቱን ሳይሆን አገሩን መቀየር። ኢትዮጵያ ከዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት 3 ሰዓት ትቀድማለች። አርጀንቲና 3 ሰዓት ወደ ኋላ ትቀራለች። ልዩነቱ ልክ 6 ነው፣ እዚያ ደግሞ የበጋና የክረምት የሰዓት ለውጥ የለም። ስልኩን «ቦነስ አይረስ» ላይ ሳደርገው የሀበሻ ሰዓት ማሳየት ጀመረ። ስልኩ የሚያውቀው እውነተኛ ጊዜ ስላልተነካ ቪዲዮውም ሠራ። ደወሎቹን እንደ አዲስ 2:00 ላይ ሞላሁ። ቁጥሩ ትክክል ሆነ።

ቃሉ ግን አልሆነም። ማታ 2 ሰዓት «2:00 ከሰዓት» ሆኖ ይታያል። ከምሳ በኋላ ያለው 8 ሰዓት «8:00 ጥዋት» ይላል። ቀኑም የሚለወጠው ንጋት 12 ሰዓት ላይ ነው። ይህ ለእኛ አቆጣጠር የሚስማማ ቢሆንም ከእኩለ ሌሊት በኋላ የመጣ መልእክት የትናንት ሆኖ ይመዘገባል። እንዲያም ሆኖ ሁለት ሳምንት ያህል ሄደ። ያበቃው የእህታቸው ልጅ ሊጠይቃቸው ሲመጣ ነው። ስልኩን አንሥቶ አየና «ተበላሽቷል» ብሎ ወደ አዲስ አበባ ሰዓት መለሰላቸው። በቅን ልቦና ነው ያደረገው። ግን ደወሎቹ 2:00 ላይ ተሞልተው ስለነበር በዚያ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ስልኩ እየጮኸ ቀሰቀሳቸው።

የሠራው

በመጨረሻ አፑን አጠፋነው። የስልኩን ተራ የደወል ሰዓት ብቻ ተጠቀምን። ተራው ደወል የራሳችንን ድምፅ እንድንጨምር ይፈቅዳል። ቨርጂኒያ ያለችው የልጅ ልጃቸው ሁለት አጭር ድምፅ ቀድታ ላከች። አንዱ «አያቴ፣ የጠዋቱን መድኃኒት ከቁርስ ጋር ውሰጂ» ይላል። ሌላው «የማታውን ከእራት ጋር» ይላል። ስልኩ ላይ የተጻፈው ቁጥር ምንም ይሁን፣ እማማ አያነቡትም። ይሰሙታል።

ከዚህ የበለጠ የጠቀመው ግን ስኒ ነው። ጠዋት ከካርቶኑ ሁለት ፍሬ ብቻ ያወጣሉ። አንዱን ይወስዳሉ፣ ሌላው ቴሌቪዥኑ አጠገብ ባለች ስኒ ውስጥ ማታን ይጠብቃል። ስኒዋ ባዶ ከሆነች ተወስዷል ማለት ነው። ይህን ያሰቡት ራሳቸው ናቸው። አፑ በአረንጓዴ ቁልፍ ሊያደርገው ያልቻለውን ስኒዋ አደረገችው፣ ምክንያቱም ስኒዋን ባዶ ለማድረግ ኪኒኑን ማንሣት ግድ ነው።

የሚቀጥለው 60 ፍሬ 30 ቀን ሞላ።

ሌሎች ሰዎች ምን አሉ

ነገሩ ከነከነኝና በየቡናው ሰው መጠየቅ ጀመርኩ። ስልክህ ላይ ሰዓት እንዴት ነው የምታነበው?

የሚኒባስ ሾፌሩ ስልኩ በ24 ሰዓት ነው። «13:00 ሳይ 7 ሰዓት ነው የምለው፣ ሳላስብ» አለኝ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዋ ስልኳን አማርኛ አድርጋ አታውቅም፣ አንድ ቀን ሞክራ «ሴቲንጉ ጠፋብኝ» ብላ መልሳዋለች። ጅዳ ዘጠኝ ዓመት ሠርታ የተመለሰች ጎረቤታችን በፈረንጅ ሰዓት ነው የምታስበው። ከእማማ ጋር ስትቀጣጠር ግን ወዲያው ትገለብጠዋለች። ባለ ሱቁ የገንዘብ ዝውውር መልእክት ላይ ያለውን ሰዓት እያየ ከደንበኛ ጋር ተከራክሮ ያውቃል።

ከጠየቅኳቸው ውስጥ ስልኩን በአማርኛ የሚጠቀም ሰው አላገኘሁም። ሁሉም የእንግሊዝኛውን ፊደል ሲያዩ «ይኼ የፈረንጅ ነው» ብለው ይቀይሩታል። ፊደሉ ራሱ ምልክት ነው፣ «ስድስት ቀንስ» የሚል። አማርኛ ሲሆን ምልክቱ ይጠፋል። የእኛ ነው ብለህ ታምነዋለህ። እማማም ያደረጉት ይህንኑ ነው።

ለሌላም ሊያገለግል የሚችል

አፕ ወደ አማርኛ ለሚተረጉም ሰው ከሁሉ በፊት የምለው ሰዓቱ ላይ ነው። አማርኛ ተናጋሪ «ከሰዓት 8» ሲባል ምን እንደሚረዳ አንድ ሰው ቢጠየቅ ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። ቁጥሩን በእኛ አቆጣጠር ማሳየት ካልተቻለ ኤኤምና ፒኤም በእንግሊዝኛ ፊደል ይቅር። ግማሽ ትርጉም ካልተተረጎመው ይብሳል። ነገሩ የእኛ ብቻም አይደለም። በስዋሂሊም ሰዓት ከንጋት ነው የሚቆጠረው፣ ጠዋት አንድ ሰዓት «ሳአ ሞጃ» ይባላል። ስለዚህ ይህን የሚያስተካክል ሰው ከአንድ አገር በላይ ይጠቅማል።

ቁልፍን በተመለከተ፦ ድምፅ የሚያጠፋና ሥራ መፈጸሙን የሚመሰክር ነገር አንድ ቦታ መሆን የለበትም። ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው ጩኸቱ እንዲቆም ነው። ከዚያ የተገኘውን ሪፖርት ማመን ከባድ ነው። ልጃቸው ሪፖርቱ ንጹሕ ስለሆነ ነው እናቷን የጠረጠረችው።

ለወላጆቻችሁ ስልክ የምታዘጋጁ፣ በተለይ ከውጭ አገር ሆናችሁ፣ ቋንቋውን ከቀየራችሁ በኋላ አብራችሁ አንብቡት። «ይገባሻል?» ብላችሁ አትጠይቁ፣ ይገባኛል ነው የሚሏችሁ። «እዚህ ላይ ምን ይላል? ስንት ሰዓት ላይ ትወስጂዋለሽ?» በሏቸው። በራሳቸው አፍ ሲናገሩት ነው የሚታወቀው።

እንደ ቦነስ አይረሱ ያለ ብልሃት የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ቤቱን ለሚረግጥ ሰው ሁሉ ንገሩ። እኔ ለማንም አልነገርኩም ነበር።

ለአፑ ሠሪዎች ይህንኑ ጽፌ ልኬላቸዋለሁ። እስካሁን መልስ አልመጣም።

ጾሙ ሲገባ

ሥራው አለቀ ብዬ ነበር። ዐቢይ ጾም ገባ። 55 ቀን ነው። እማማ ከሰኞ እስከ ዓርብ እስከ 9 ሰዓት እህል አይቀምሱም። «ከቁርስ ጋር ውሰጂ» የሚለው ድምፅ ጠዋት ይጮኻል፣ ቁርስ ግን የለም። ጾሙን ያቁሙ ብሎ መናገር የእኔ ድርሻ አይደለም። ሐኪሙ ጋ አብረን ሄድን። መድኃኒቱን በጾም ቀን አመጋገባቸው ልክ አስተካከለላቸው፣ ምን ሲሰማቸው ጾሙን ማቋረጥ እንዳለባቸውም አስረዳቸው። የንስሐ አባታቸውም ከሐኪሙ ቃል እንዳይወጡ ነገሯቸው።

ያ ተራ ደወል እዚህ ላይ ጠቀመን። ቀን መምረጥ ያስችላል። ከሰኞ እስከ ዓርብ አንድ ደወል፣ ቅዳሜና እሑድ ሌላ። የልጅ ልጃቸው ቁርስ የሚል ቃል የሌለበት አዲስ ድምፅ ቀዳች። ከመጀመሪያው ደወል አንሥቶ እማማ አጠገቤ ቁጭ ብለው ጣቴን ሲከታተሉ ነበር። ሁለተኛውን ራሳቸው ሞሉት።

ፋሲካ ባለፈ በማግስቱ ሰኞ እንደገና ልቀይርላቸው ወረድኩ። ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብም አይጾምም፣ ስለዚህ ሁሉም ቀን እኩል መሆን ነበረበት። ስልኩን አንሥቼ ከፈትኩት። አንድ የጠዋት ደወል፣ ሰባቱም ቀን ተመርጧል። አንድ የማታ። የጾሙ ጠፍቷል።

«ሃምሳው ገብቶ የለ?» አሉኝ። «ትናንት ማታ አስተካከልኩት።»